መብራት ሲያጥር ቀድሞ የሚጠፋው

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ 26 የቢትኮይን ማምረቻዎችን የሚመለከት ትእዛዝ ወጣ። መዘጋት አለባቸው፤ ጊዜው ደግሞ ሁለት ቀን ነው። ትእዛዙን ልዩ የሚያደርገው አድራሻው ነው። የተጻፈው በዋናነት ለኃይል ሻጮቹ ሲሆን፣ እነዚህን ደንበኞች ለይታችሁ መብራታቸውን ቁረጡ ይላል። ፖሊስ መላክ፣ በር ማሸግ፣ ክስ መመሥረት አላስፈለገም። ማብሪያ ማጥፊያው ዝቅ ሲል ድርጅቱም አበቃለት።

ስለ ክሪፕቶ ሕግ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ገንዘብ ነው፦ ቢትኮይን ገንዘብ ነው ወይስ ንብረት፣ ባንክ ይንካው ወይስ አይንካው። ይህ ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሚያመርተው ድርጅት ግን መንግሥት ያለው እጀታ ሌላ ነው። አምራቹ፣ ማይነር የሚባለው፣ ሱቅ የለውም፤ በር የሚያንኳኳ ደንበኛ የለውም፤ ምርቱ በመርከብ አይጫንም፣ በጉምሩክ አያልፍም። ማሽኖቹን አንዴ ካስገባ በኋላ ከሀገሩ ጋር የሚያገናኘው ጠንካራ ክር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከማከፋፈያ ጣቢያው የሚመጣው ገመድ ነው። ስለዚህ በየሀገሩ የወጣውን ደንብ ለመረዳት ከሕግ መጽሐፉ በፊት ቆጣሪውን ማየት ይሻላል።

ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንይ። ሥራው ግምት ነው። በሴኮንድ በትሪሊዮን የሚቆጠር ሙከራ እያደረገ አንድ የተወሰነ መልክ ያለው ቁጥር ይፈልጋል። በመላው ዓለም ካሉት ማሽኖች መካከል በ10 ደቂቃ ገደማ አንዴ አንዱ ያገኘዋል፤ ያገኘውም አዲሱን የሒሳብ ገጽ በቢትኮይን የጋራ መዝገብ ላይ ይጨምራል፤ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሽልማቱ 3.125 ቢትኮይን ነው። ማሽን ቢበዛ ቢትኮይን አይበዛም። በየ2,016 ገጹ ሥርዓቱ ራሱ ጥያቄውን እያከበደ ወይም እያቀለለ ወደ 10 ደቂቃው ይመልሰዋል። ብዙ ማሽን ሲገባ የሚሆነው ያው ድርሻ ለብዙ ሰው መቆራረሱ ነው።

በቅርብ ዓመታት ሲሸጡ ከነበሩት ማሽኖች አንዱ የሆነው አንትማይነር ኤስ21 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ቤታችን ያለው የእንጀራ ምጣድም የሚስበው ይህንኑ ያህል ነው። ምጣዱ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ ማሽኑ ሌሊት የለው፣ በዓል የለው። ባለ 100 ሜጋዋት ማምረቻ ማለት ማራገቢያውን ሳንቆጥር 28,000 የሚያህሉ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአንድ ግቢ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሲያጓሩ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ወጪው መብራት ስለሆነ፣ በኪሎዋት ሰዓት ላይ የምትጨመር ወይም የምትቀነስ አንድ ሳንቲም የድርጅቱን ዕድሜ ትወስናለች።

ሲቹዋን ማይነሮቹን የሳበችው በዚህ ነው። ክረምት ላይ ወንዞቿ ሞልተው ግድቦቿ የማይጠቀሙበትን ውሃ በጎን ይለቁ ነበር፤ ያ ኃይል ገዢ ካላገኘ ባዶውን ይፈስሳል። ማይነሮቹ በዝናቡ ወቅት ማሽናቸውን ወደ ሲቹዋን ተራሮች ያመጡ ነበር፤ ሲደርቅ ወደ ሺንጂያንግና ወደ ውስጣዊ ሞንጎሊያ የድንጋይ ከሰል ይመለሱ ነበር። ከብቶቹን ይዞ ከቆላ ደጋ የሚል አርብቶ አደር የሚያውቀው ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መኸር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ግምት ከዓለም የቢትኮይን ማሽን ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉን በቻይና ያስቀምጠው ነበር። ከዚያ ግንቦት 2021 ላይ የቻይና መንግሥት ምክር ቤት የፋይናንስ ኮሚቴ “ማይኒንግም ሆነ ግብይት ይገታ” አለ። የገንዘብ ሽሽት ሥጋት ነበረበት፤ የካርቦን ቅነሳ ዕቅዱም ነበር። በመስከረም ወር ማዕከላዊው ባንክና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ግብይቱን በሙሉ ሕገ ወጥ አሉት።

እገዳው ማሽኖቹን አላጠፋቸውም፤ አሰደዳቸው እንጂ። በሐምሌ መጀመሪያ የጥያቄው ክብደት በአንድ ጊዜ በ28 በመቶ ገደማ ወረደ። በመላው ዓለም መብራቱ ያልጠፋበት ሁሉ በዚያ ሳምንት ሳይለፋ ድርሻው አደገለት። የተባረሩትን ማሽኖች የጫኑት ኮንቴይነሮች ግን መንገድ ላይ ነበሩ።

ቅርቡ መንገድ ወደ ካዛኪስታን ይወስዳል። ድንበሩ ይዋሰናል፤ በሰሜን በኩል ኤኪባስቱዝ ላይ የሶቪየት ዘመን የከሰል ማመንጫዎች አሉ፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ሀገሪቱ ከዓለም ጉልበት 18 በመቶውን ይዛ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ተገኘች። በየዓመቱ በ1 ወይም በ2 በመቶ ያድግ የነበረው የመብራት ፍጆታዋም በዚያ ዓመት በ8 በመቶ ያህል ዘለለ። ማንም የኃይል መሐንዲስ ይህን ያህል እድገት በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያስተናግድ አይችልም፤ ማመንጫ ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፣ ማሽን ለመሰካት ግን ሳምንት ይበቃል።

የካዛኪስታን መንግሥት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ብልህ ይመስላል፤ ማይነሩን አትከልክለው፣ ቆጣሪው ላይ ግብር ጣልበት። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ 1 ቴንጌ ተጨመረ። በዶላር ሲታይ ከአንድ ሳንቲም ሩብ እንኳ ያነሰ ነበር። ችግሩ ግብሩ የሚደርሰው የተመዘገበው ላይ መሆኑ ነው። የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ባለሥልጣናት ያልተመዘገቡት የሚስቡት ኃይል ከተመዘገቡት እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ይናገሩ ነበር። በመጋቢት ወር የፋይናንስ ቁጥጥር ኤጀንሲው 106 ማምረቻዎች መዘጋታቸውን ሲያስታውቅ፣ ከባለቤቶቹ መካከል ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ቤተሰብ ጋር የተያያዙ ሰዎችም እንዳሉ ገለጸ። መዝገብ የሚሸሸው ሁልጊዜ ደካማው አይደለም።

ያ ጥር ግን ከግብሩ በላይ ብዙ ነገር አሳየ። በነዳጅ ጋዝ ዋጋ የተነሣው ተቃውሞ ወደ ደም መፋሰስ ሲያመራ መንግሥት ኢንተርኔት ቆረጠ፤ በሰዓታት ውስጥ የዓለም የቢትኮይን ጉልበት ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። ነገሩ ከረገበ በኋላ የኃይል ማስተላለፊያ ኩባንያው፣ ኬጎክ፣ ከጥር 24 ጀምሮ ለተመዘገቡ ማይነሮች መብራት እንደሚያቋርጥ አሳወቀ። በማግስቱ፣ ጥር 25 ቀን፣ አልማቲ፣ ታሽከንትና ቢሽኬክ በአንድ ቀን ጨለሙ፤ የታሽከንት ምድር ውስጥ ባቡሮች መንገድ ላይ ቆሙ። የሦስት ሀገር ሕዝብ በጥር ብርድ መብራት አጥቶ ዋለ። ጥፋቱን በማይነር ላይ መደፍደፍ ቀላል ነው፤ ግን ሕጋዊዎቹ ከአንድ ቀን በፊት ጠፍተው ነበር። ያረጀ መስመርና በቂ መጠባበቂያ የሌለው ሥርዓት ማይነርን በማጥፋት ብቻ አይድንም።

ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ ነው በእኔ ግምት ሊጠና የሚገባው። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የዲጂታል ንብረት ሕግ ማይነር ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ከሀገሪቱ የኃይል መረብ የሚገዛውም ትርፍ ሲኖር ብቻ፣ በማዕከላዊ ገበያ በጨረታ ነው። በተጨማሪ ከገቢው ትልቁን ክፍል፣ ኋላ ላይ 75 በመቶ የደረሰውን፣ በአስታና ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል በተመዘገቡ ገበያዎች በኩል እንዲሸጥ አዘዘ። የመጨረሻው አንቀጽ የተንኮል ያህል ብልጥ ነው። ቆጣሪው ምን ያህል እንደበላ ይናገራል፤ ገበያው ምን ያህል እንዳፈራ ይናገራል፤ ግብር ሰብሳቢው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል።

ቴክሳስ ሌላ ዓለም ናት። እዚያ የኃይል ገበያው ራሱ ዋጋ ይተምናል፤ በበጋ ሙቀት ሁሉም ማቀዝቀዣውን ሲከፍት የጅምላው ዋጋ ከመደበኛው መቶ እጥፍ ሊወጣ ይችላል። ሮክዴል በምትባል ከተማ፣ ድሮ የአሉሚኒየም ማቅለጫ በነበረበት ሥፍራ፣ ራየት የተባለ ኩባንያ ትልቅ ማምረቻ አለው። ኩባንያው ኃይል በቋሚ ዋጋ አስቀድሞ ገዝቷል። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኖቹን እያጠፋ የገዛውን ኃይል መልሶ ለገበያው ሸጠ፤ ለመጥፋት ዝግጁ በመሆኑም ተጨማሪ ክፍያ አገኘ። በዚያ ወር ከመብራት ያገኘው ሒሳብ 31.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ያመረተው ቢትኮይን 333፣ ዋጋውም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች። ባለመሥራት የተገኘው በመሥራት ከተገኘው ሦስት እጥፍ በለጠ።

ይህን የሰማ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፣ ሲያስፈልግ በደቂቃዎች የሚጠፋ ትልቅ ደንበኛ ለመረቡ እንደ መድን ነው፤ ሆስፒታል አይጠፋም፣ ፋብሪካ ለመጥፋት ሰዓታት ይፈልጋል፣ ማይነር ግን ማሽኑን አጥፍቶ ሲመለስ የሚበላሽበት ዕቃ የለም። ሁለተኛው፣ የዚህን መድን አረቦን የሚከፍለው ማቀዝቀዣውን ማጥፋት የማይችለው ባለ ቤት ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ የቴክሳስ ሕግ አውጪዎችም ከጥያቄው መሸሽ አልቻሉም። በ2023 የወጣው ሕግ ከ75 ሜጋዋት በላይ የሚስብ ማይነር ለግዛቱ ኮሚሽን እንዲመዘገብ ያዛል። ኒውዮርክ በበኩሏ ሌላ መንገድ ሄዳ፣ በኅዳር 2022 በነዳጅ ለሚሠራ የማይኒንግ ማመንጫ አዲስ የአየር ብክለት ፈቃድ ለሁለት ዓመት አገደች። አንድ ሀገር፣ ሁለት ግዛት፤ አንዱ ያጠፋህ እንደሆነ ይከፍልሃል፣ ሌላው መጀመሪያውኑ እንዳትበራ ከለከለህ።

ኢራንን በአጭሩ እናንሳ፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ታሪፍ ምን እንደሚያመጣ ከእርሷ የበለጠ ያሳየ የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ማይኒንግን እንደ ኢንዱስትሪ አወቀችው፤ ፈቃድ ያወጣው ግን በኤክስፖርት ዋጋ የተሰላ ውድ መብራት ሊገዛ ነው። ፈቃድ ያላወጣው በድጎማ በሚቀርበው የቤት መብራት ይሠራል። ማን ሊመዘገብ ነው? በግንቦት 2021 ከተሞቹ ሲጨልሙ ፕሬዚዳንት ሩሃኒ ማይኒንጉን እስከ መስከረም አገዱ፤ አብዛኛው ያለ ፈቃድ የሚሠራ እንደሆነም ራሳቸው ተናገሩ።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ዞረ፤ ምረቃው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። በነዚህ ዓመታት መካከል ከቻይና የተባረሩት ኩባንያዎች ርካሽ ውሃ ይፈልጉ ነበር፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ዶላር የሚከፍል ገዢ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ብሉምበርግ እንደዘገበው 21 ማይነሮች የኃይል ውል ነበራቸው፤ 19ኙ ቻይናውያን ናቸው። በጥር 2025 የአቡ ዳቢው ፊኒክስ ግሩፕ የ80 ሜጋዋት ውል መፈረሙን አስታወቀ።

ደንቡ በሦስት በር ነው የገባው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ እንደሆነ፣ የሀገሪቱ ገንዘብም ብር ብቻ እንደሆነ አስጠነቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በማይኒንግና በዝውውር የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። ሦስተኛው በር ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ እሱ “ዳታ ማይኒንግ” በሚል ስም ኃይል ይሸጣል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሚከለክለውን ሌላው የሚፈቅድ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ግን አይጋጭም። እዚህ የተመረተው ቢትኮይን እዚህ አይሸጥም። ሽልማቱ የሚገባው ሆንግ ኮንግ ወይም ዱባይ ባለ ቦርሳ ውስጥ ነው። ለኢትዮጵያ የሚቀረው በዋናነት የመብራቱ ዋጋ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ያለ ምሰሶና ያለ ሽቦ የሚሄድ የኃይል ኤክስፖርት ነው።

እንደ ኤክስፖርት ከታየ ደግሞ ከሌላ ኤክስፖርት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ብሉምበርግ የዘገበው የማይነሮች ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ኬንያ በ2022 በተጀመረው የ25 ዓመት ውል የምትከፍለው 6.5 ሳንቲም ነው። እጥፍ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ለኬንያ ለመሸጥ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር መዘርጋት ነበረበት። ማይነሩ ማከፋፈያ ጣቢያው አጠገብ ይተከላል፤ ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት መጠን ይስባል፤ ሲመሽ አይበዛም፣ ሲነጋ አያንስም። የኃይል ሻጭ ሕልሙ እንዲህ ያለ ደንበኛ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ዕዳ እንዳለበት፣ የሀገር ውስጥ ገቢው ግን በብር መሆኑንም አንርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሳምንት በዶላር የሚከፍል ደንበኛ ያለው መሥሪያ ቤት ከሌለው የተሻለ እንቅልፍ ተኝቷል።

ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት በሌለበት ሀገር ግን “ትርፍ ኃይል” የሚለው ቃል ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ መቅረቱም ተገቢ ነው። የሲቹዋን ትርፍ እውነተኛ ትርፍ ነበር፤ ውሃው በጎን ይፈስስ ነበር። የእኛ ትርፍ የተፈጠረው በአብዛኛው ከተርባይኑ እስከ ጎጆው ያለው ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ስላልደረሰ ነው። ማይነሩ ቢባረር ያ ኃይል ነገ ጠዋት ገጠር አይደርስም፤ የሚጎድለው መስመር ነውና። ማይነሩ ስለከፈለም መስመሩ በራሱ አይዘረጋም። ለዚህ ነው ክርክሩ “ይግቡ ወይስ ይውጡ” ላይ ሲቆም የሚያበሳጨኝ። የሚጠየቀው ዶላሩ የት ይሄዳል፣ ለስንት ኪሎ ሜትር መስመር ይውላል የሚለው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ኃይል ያለው አቅም ስለተያዘ አዲስ ማይነር መቀበል ማቆሙ ተሰማ። ይህ ትልቅ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ እስከዚህ ድረስ ተብሎ ተገደበ። የተላለፈው ግን ኃይሉን በሚሸጠው ድርጅት በኩል ነው። ማስገባቱም ማስቆሙም የአንድ ሻጭ ሥልጣን ሲሆን ፍጥነት አለው፤ ሲቹዋንም በሁለት ቀን የጨረሰችው እንዲሁ ነው። የሚጎድለው ለተመልካች የሚታይ ወረቀት ነው። ስለ ራየት የነሐሴ ሒሳብ ማወቅ የቻልነው ኩባንያው በአክሲዮን ገበያ ስላለና በየወሩ ያሳውቅ ስለነበረ ነው። የኢትዮጵያ ውሎች ለሕዝብ አልታተሙም። የሚገርመው ደግሞ፣ ስለ ኢትዮጵያ ማምረቻዎች ከሚገኘው ጥርት ያለ መረጃ የተወሰነው ከኒውዮርክ ነው የሚመጣው፦ እዚያ የአክሲዮን ገበያ ላይ ያለው፣ በወቅቱ ቢት ማይኒንግ ይባል የነበረው ኩባንያ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 51 ሜጋዋት ማምረቻ በ14.28 ሚሊዮን ዶላር እየገዛ መሆኑን ለባለአክሲዮኖቹ ማሳወቅ ነበረበት።

ውሎቹ ቢታተሙ አንባቢ መጀመሪያ ሊፈልግ የሚገባው አንቀጽ ዋጋው አይደለም። ዝናብ ሲያጥር፣ ከተማው ወደ መብራት ፈረቃ ሲገባ፣ ቀድሞ የሚጠፋው ማን ነው? ማይነሩ ከሆነስ፣ እንደ ቴክሳስ ይከፈለዋል ወይስ እንደ ካዛኪስታን ዝም ብሎ ይቆረጣል?

ቀጥሎ የሚፈለገው የመውጫው አንቀጽ ነው። 50 ሜጋዋት የሚስብ ድርጅት በ3.14 ሳንቲም ሒሳብ በወር 1.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይከፍላል። በ2028 እ.ኤ.አ. ሽልማቱ እንደገና ለሁለት ተከፍሎ ወደ 1.5625 ቢትኮይን ይወርዳል፤ የመብራቱ ሒሳብ ግን ያው ነው። የቢትኮይን ዋጋ ካላካካሰው አሮጌ ማሽን ያለው ሁሉ በዚያች ቀን ኪሣራ ውስጥ ይገባል፤ ኮንቴይነር ደግሞ እንዳመጣጡ በተሳቢ ይመለሳል። ሌሎች ትልልቅ የኃይል ገዢዎች “ብትጠቀምም ባትጠቀምም ትከፍላለህ” የሚል ግዴታ ይፈርማሉ፤ ግድብ የሠራ ሻጭ ብድሩን የሚከፍለው በዚህ ነው። ማይነሮቹ ይህን ፈርመው ከሆነ ኤሌክትሪክ ኃይል 2028ን በሰላም ይጠብቃል። ካልፈረሙ፣ ለእነርሱ የተተከለውን ትራንስፎርመር የሚረከብ ሌላ ገዢ ፍለጋውን ከአሁኑ ቢጀምር ይሻለዋል።